መብራቱ መጣ!

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሁሉም «መብራቱ» ነበር የሚሉት። እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳይመስላችሁ፤ እናቱ ያወጣችለት ሌላ ነው። ይሄኛውን ያወጣችለት ሞተር ሳይክሉ ናት። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ብቻ አታቻኩሉኝ።

ጋራዡ የአባትና የልጅ ነው። አባትየው ሞተር ሳይክል ሲፈታና ሲገጥም ጸጉሩ የሸበተ፣ ጢሙ ውስጥ ግራሶ የማይጠፋ፣ ቶሎ የሚቆጣና ቶሎ የሚጸጸት ሰው ነው። ጸጸቱን ግን ለማንም አይናገርም። ልጅቷን ደንበኞቹ «ሐኪሟ» ይሏታል። ሞተር ሲነሳ ጆሮዋን ጣል አድርጋ «ይሄ ቫልቩ ነው» ካለች፣ ቫልቩ ነው። እናትየው ከጋራዡ ጀርባ ባለው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። በመሃል አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ በዚያች መስኮት የማያልፍ ወሬ የለም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከጋራዡ በር ፊት ለፊት አንድ ሞተረኛ ጠጠር አንሸራቶት ዘጭ አለ። ሐኪሟ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። ዙሪያውን ደግሞ ጥርስ ፈስሷል። የሰው ጥርስ! አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ከፊሉ ከነድዱ።

«ወይኔ! ጥርስህ! ጥርስህ እኮ አለቀ!» ብላ ጮኸች።

ሰውየው ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ አንድም ሳይጎድል በቦታው አለ።

«የኔ አይደሉም» አላት።

«የማን ናቸው ታዲያ?» እሷ ሳታውቀው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ነበር።

«የሰው። ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ለክሊኒኮች ሳደርስ ነው የወደቅሁት።»

ምን ይደረግ፤ ሁለቱም ተንበርክከው ጥርስ ይለቅሙ ጀመር። መንገደኛው ቆሞ ያያቸዋል። እሷ ሳቋ ሲመጣባት ከንፈሯን እየነከሰች፣ የወደቀ ሰው ላይ አይሳቅም ብላ አጎንብሳ ትፈልጋለች።

«ይቺንስ አየሃት?» ብላ መዳፏን ዘረጋችለት።

አገላብጦ አያት። «እሷ ጠጠር ናት» አለ፣ ቅር እንዳይላት ብሎ ቀስ ብሎ።

አበቃ! እዚያው መንገድ ዳር ሳቋ ፈነዳ። እሱም የቆሰለ ጉልበቱን ረስቶ ስትስቅ ያያት ነበር። አስተያየቱ አፈጠጠ የሚባል ዓይነት አይደለም። አንድ ነገር ሰምቶ ደግሞ ለመስማት እንደሚፈልግ ሰው ነው ያያት።

ሞተር ሳይክሏ የቀኝ የፍሬን እጀታዋ ተሰብሯል፣ የነዳጅ መስጫው እጀታም ተጣሟል። ሐኪሟ ሁለቱንም ቀየረች። ከመሪው ወደ ሞተሩ የሚወርዱትን ሽቦዎች ሰበሰበች፣ አስተካከለች፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም አድርጋ አሰረች፣ የማሰሪያውን ጭራ በፒንሳ ቆርጣ ጫፉን ወደ ውስጥ አዞረችው። አባትየው መጥቶ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለ። «ሽቦና ልጅ ከላላ ይባልጋል። እንዲህ ነው ማሰር።»

እናትየው በመስኮቷ «ያሰርከውን ሁሉ ያሳደግከው እየመሰለህ!» አለችው።

ሰውየው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ሐኪሟ፣ አንዲት ቢጫ መብራት በራችብኝ። የሞተር ሥዕል ያለባት።»

«እስቲ አስነሳት።»

አስነሳት። ቢጫዋ መብራት እንደ ደንቡ ብልጭ ብላ ጠፋች። ሞተሩ ልስልስ ብሎ ይሠራል።

«የታለች ታዲያ?»

«ጠዋት ከቤት ስወጣ በርታ ነበር። እዚያ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ጠፋች። እውነቴን ነው!»

የብልሽት መመርመሪያ መሣሪያዋን ሰካች። መመርመሪያው አልዋሸም፤ ከነዳጅ መስጫው እጀታ የሚመጣው ምልክት ለአፍታ ተቋርጦ ነበር አለ። እጀታውን ፈተሸች፣ ደህና ነው። ሶኬቶቹን አየች፣ ደህና ናቸው። መንገድ ላይ ይዛት ወጥታ ወደ ላይ ነዳች፣ ወደ ታች ነዳች። መብራቷ የውሃ ሽታ ሆነች።

«ምንም የለባትም» አለችው።

«ምንም ከሌለባት ደስ ይላል» አለ፤ ፊቱ ግን ደስ ያለው ሰው ፊት አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ መመላለስ ሆነ። መካኒክን የሚያሳብደው እንዲህ ያለ ብልሽት ነው። የተሰበረ ነገር ተሰብሮ ይጠብቅሃል። ይሄ ግን እንደ ጎረቤት ድመት ነው፤ ስትጠራው አይመጣም፣ ስትረሳው ጓዳህ ገብቶ ታገኘዋለህ። ጥርስ ሠሪው ቤት ትበራለች፣ ጋራዡ ስትደርስ ትጠፋለች። አባትየው ከሩቅ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ «መብራቱ መጣ!» ብሎ መጣራት ጀመረ። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

እናትየው ይሄን አታውቅም። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ፣ ስፌቷ በእጇ እንደቀረ ተቀምጣ ሳለ ባሏ «መብራቱ መጣ!» ሲል ሰማች። ተስፈንጥራ ተነሳች፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ብትጭን፣ ብትጭን፣ ወይ ፍንክች!

«የታለ የመጣው?» ብላ እየተቆጣች ጋራዡ ውስጥ ገባች።

«ይኸው» አለ ባሏ በካቻቢቴው እያመለከተ።

ጥርስ ሠሪው የራስ ቁሩን አውልቆ እጅ ነሳት። እናትየው ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። ልጇ የሌለ ብሎን መሬት ላይ ትፈልጋለች።

«እውነትም መብራት መጥቷል» አለች እናትየው፤ ቁጣዋም ጠፍቶ ሄደች።

እሱ እጀታ ሲፈተሽ የእጅ ባትሪ ይይዝላታል። በጣቶቹ ጥፍር ሥር ሮዝ ሰም አለ፣ የእሷ ሥር ጥቁር ግራሶ። ሁለቱም ሲያጥቡት የማይለቅ ነገር ነው። አንዳንዴ ሥራው ያልቅና ባትሪው እንደበራ ይቆያል፤ ማንም አጥፋው አይልም።

«ከጥርስ ሁሉ የሚከብደው የቱ ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«የፊት ጥርስ። የመንጋጋው ማኘክ ብቻ ነው ሥራው። የፊቱ ግን ሳቅ አለበት። ሰውዬው ሲስቅ ሳላይ የፊት ጥርስ አልሠራም።»

«ካልሳቀስ?»

«አስቀዋለሁ።»

«ለዚህ ነዋ እኔን ሁልጊዜ የምታስቀኝ! ልትለካኝ ነው?»

«አንቺን?» አለ ባትሪውን ዝቅ አድርጎ። «አንቺን የማስቅሽ ለራሴ ነው።»

ሐኪሟ ራሷን አጎንብሳ አንድ ቀድሞውኑ የጠበቀ ብሎን አጠበቀች። ጆሮዋ ድረስ ሙቀት ተሰማት። አትዋሺ ቢሏት፣ ያን ቀን ብልሽቱ ባይገኝ ደስ ይላት ነበር።

ነገር ግን አባት አለ። አባት ደግሞ ዓይን አለው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «ይቺ መብራት እሱ ቤት ትበራለች፤ እኛ ቤት አትበራም። ለምን ይመስልሻል?»

«እየፈለግሁ ነው አባዬ።»

«እኔ አግኝቻታለሁ። ሶኬቱን ይነቅላል፣ መብራቷ ትበራለች። መልሶ ይሰካል፣ ወደዚህ ይመጣል። መመርመሪያው ያው ተቋርጧል ነው የሚለው። ሰበብ ነው። አንቺን ሊያይ ነው የሚመጣው።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። «አንቺን ሊያይ» ስትባል መጀመሪያ ልቧ በደስታ ዘለለ። ቁጣው የመጣው ኋላ ነው። እሷ ሌት ተቀን የምትጨነቅበትን ብልሽት እሱ በገዛ እጁ እየሠራው ከሆነ፣ በሥራዋ እየቀለደባት ነው ማለት ነው። በሥራዋ የሚቀልድ ደግሞ ነገ በእሷም ይቀልዳል። ስለዚህ ማወቅ አለባት። ሰውየው ወይ ሐቀኛ ነው፣ ወይ ውሸታም። ልቧ ቀድሞ ሄዷልና፣ መልሱ የመብራት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

አባትየው ዘዴ አላጣም። የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም አንስቶ፣ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣው ሽቦ በሚገናኝበት ሶኬት መጋጠሚያ ላይ ቀባው።

«ከነቀለው ይሰነጠቃል። ካልነቀለው እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ይቅርታ ጠይቆ ስለማያውቅ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ልጁ ገባት።

ጥርስ ሠሪው ደግሞ መጣ። ደግሞ በርታ ጠፋች አለ። አባትየው ሞተሯን እንደ ልማዱ በብረት መያዣው ውስጥ አቆማት። በዚያ ጋራዥ ሞተር ሳይክል የሚሠራው የፊት ጎማው በመያዣ ተጠርንፎ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ነው፤ የሱ ሕግ ነው። ከዚያ ሶኬቱን አየ። ቀለሙ ተሰንጥቋል።

«ይሄን ሶኬት ነቅለሃል» አለ።

«የቱን?»

«የቱን ይለኛል! ይሄን ነዋ!»

«ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ጥርስ ነው። ሶኬቱ የት እንዳለ እንኳ...»

«ጥርስህን ለሌላ አሳይ! እኔ ቤት ሰው ራሱ ያበላሸውን ይዞ አይመጣም። ልጄን ማየት ከፈለግህ እንደ ሰው በር አንኳኩተህ ትመጣለህ እንጂ፣ ሞተር አሳምመህ አትመጣም!»

የጥርስ ሠሪው ፊት ደም መሰለ። ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺስ?» አላት። «አንቺም እንደዚያ ነው የምታስቢው?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አይደለም» ብትል በቃ። ግን የተሰነጠቀው ቀለም ፊቷ ላይ አለ፣ አባቷ አጠገቧ ቆሟል። በእጇ ያለውን ንጹሕ ቁልፍ በጨርቅ ትወለውላለች፣ ትወለውላለች። ዝም አለች።

«እሺ» አለ። የራስ ቁሩን አጠለቀ። ሌላ ጊዜ ሞተሯን ወደ ኋላ ገፍታ የምታወጣለት እሷ ነበረች። ያን ቀን ግን ግቢው ውስጥ ራሱ አስነስቶ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠምዝዞ፣ በጠባቧ ቦታ ተሽከርክሮ ወጣ። ጀርባውን ብቻ ነው ያየችው።

ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ሰው ሲጠፋ ቤቱ እንዴት እንደሚሰፋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋራዡ በሞተር ተሞልቶ ባዶ ሆነባት። የሚያልፍ ሞተር ሁሉ የሱን ይመስላታል፤ ጆሮዋ ግን አይዋሽም፣ የሱ አይደለም። አባትየውም ደስ አላለው። ማታ ማታ «ደህና ደንበኛ ነበር» ይላል፤ መልሶ «ውሸታም ነው እንጂ» ይላል። ማን ጠየቀው?

አንድ ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሪክ ሄደና እናትየው ጋራዡ ደጃፍ ከልጇ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«መብራቱ ምነው ጠፋ?» አለች።

«የትኛው?»

«ሁለቱም» አለች እናትየው። ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማዬ፣ ወድጄዋለሁ መሰለኝ» አለች።

«መሰለኝ ትላለች! ስፌቴን ጥዬ ሳያችሁ ነው የከረምኩት። እኔ ሞተር አላውቅም። የጥፍር ቀለሜን ግን አውቃለሁ። በስንት በኩል ነበር የተሰነጠቀው?»

«በአንድ በኩል።»

«ነቅሎት ቢሆን ዙሪያውን አይፈረፈርም ነበር? እኔ ጠንካራ ጨርቅ ስስብ በምስበው በኩል ብቻ ነው የጥፍሬ ቀለም የሚሰነጠቅብኝ።»

ሐኪሟ አፏን ከፈተች። በአንድ በኩል! ተነቅሎ ሳይሆን ተስቦ! የሆነ ነገር ሽቦውን እየሳበው ነው። ብድግ አለች፤ ቱታዋን ሳታወልቅ፣ ፒንሳዋን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ወጣች።

«ወዴት ነው?» አለ አባትየው ከሞተር ሥር።

«መብራት ልትፈልግ ነው!» አለች እናትየው።

ጥርስ ሠሪው በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለው መሥሪያ ክፍሉ ሰም ሰም ይሸታል። መደርደሪያው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በእሷ የሚስቁ መሰላት። እሱ ነጭ ጋውን ለብሶ አንዲት ጥርስ ይሞርዳል። ሲያያት ሞረዱ ቆመ።

«ምን ልርዳሽ?» አላት። ለማንኛዋም ደንበኛ የሚላት ቃል ናት፤ ለዚህ ነው ያመማት።

«ያን ቀን የጠየቅኸኝን ልመልስ ነው የመጣሁት» አለች። «አልነቀልከውም። ይሄን ያኔ ማለት ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።»

«ብልሽቱን አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም። ትንሽ ፍንጭ ይዣለሁ። ግን ፍንጩ ባይኖርም መምጣት ነበረብኝ።»

የሚሞርዳትን ጥርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም፤ እጇ ላይ የምትወለውለው ቁልፍ አልነበረም።

«ጠዋት ስትወጣ እንዴት እንደምታወጣት አሳየኝ» አለች በመጨረሻ። «ምንም ሳትቀይር።»

ግቢው ጠባብ ነው። ሞተር ሳይክሏ ግድግዳ ተጠግታ ትቆማለች፤ ፊት ለፊቷ ደግሞ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። አስነሳት። ማጠራቀሚያውን ለመዞር መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠመዘዘ። ቢጫዋ መብራት በራች።

«ቁም!» ብላ ጮኸች። «እንዳትነካት! ንቅንቅ እንዳትል!»

«መተንፈስስ ይቻላል?»

«እየቆጠብክ!»

መሬት ላይ ተንበርክካ አንገቱ ጋ፣ ማለት የሞተሯ አንገት ጋ፣ አሾልካ አየች። መሪው ወደ ግራ ሲሄድ ከቀኙ እጀታ የሚመጣው ሽቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ተወጥሮም ሶኬቱን በአንድ በኩል ይስበዋል። መሪውን ቀጥ ስታደርገው ይለቃል። በጋራዡ መያዣ ውስጥ መሪው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፣ አንድም ቀን እዚያ ሊገኝ አልቻለም። መንገድ ላይም እስከ መጨረሻው የሚጠመዝዝ የለም።

«ያን ቀን ከግቢያችሁ ስወጣም በርታ ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ያምነኝ ነበር?»

ጣቷን በሽቦው ላይ አስኪዳ፣ ያጠበቀውን ነገር ፈልጋ አገኘችው። አንዲት የፕላስቲክ ማሰሪያ። ጭራዋ በፒንሳ ተቆርጦ፣ ጫፏ ወደ ውስጥ የዞረ። በዓለም ላይ እንዲህ አድርጎ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ አለ።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጉድ ፈላ! በገዛ እጄ አስሬህ፣ በገዛ እጄ አመላልሼህ፣ ከዚያ ለምን ትመጣለህ ተብለህ ተባረርክ።»

እሱ አጠገቧ ተቀመጠ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ ገነፈለ፣ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«ቆይ፣ ቆይ። ስለዚህ ሰበቡን የፈጠርሽው አንቺ ነሽ?»

«ሳላውቅ እኮ ነው!»

«እኔም አንድ እውነት ልንገርሽ። ሶኬት አልነቀልኩም። ግን መብራቷ ስትበራ ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ሳትበራ የቀረች ቀን እንደ ሐዘንተኛ ነበር የምውለው። እወድሻለሁ። ይሄን ለመናገር ስንት ጊዜ ባትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።»

እሷ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን የዚያን ቀን ዓይነት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ፒንሳዋን አወጣች። ልትቆርጠው ስትል እጁን ማሰሪያው ላይ ጫነ።

«ከቆረጥሽው በምን ሰበብ ልመጣ ነው?»

«ያለ ሰበብ ና።»

ቆረጠችው። ሽቦውን መሪው እንደልቡ እንዲዞር ላላ አድርጋ መልሳ አሰረችው። ወደ ግራ ብትል፣ ወደ ቀኝ ብትል፣ መብራቷ ጸጥ።

«እመጣለሁ» አለ እሱ፣ አሁን ሳይስቅ። «አባትሽ ሲጠሩኝ። እንደ ሌባ ነው ያስወጡኝ። አንቺን የምፈልግ ሰው በአጥር ሾልኬ መግባት አልፈልግም።»

ልክ ነው። እሷም ልክ መሆኑን ስላወቀች አልተከራከረችውም።

የተቆረጠችውን ማሰሪያ ይዛ ተመለሰችና አባቷ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችው። አባትየው ሰማና ጢሙን አሸ።

«ማሰሪያ ጥፋተኛ ሆኖ አያውቅም» አለ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ አንተ ነህ ጎሽ ያልከኝ። ሰውየው አልዋሸም። እኔም ያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

አባትየው ሄዶ መያዣው ውስጥ ያለችውን የሌላ ደንበኛ ሞተር ፈታትና መሪዋን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ጎንበስ ብሎ አየ። ሽቦው ተወጥሯል። ወደሚቀጥለው ሄደ፣ ጠመዘዘ፣ አየ። ወደ ሌላኛው ሄደ።

«ወይ አበሳዬ!» አለ በመጨረሻ። «ስንቱ ሞተረኛ ሲረግመኝ ኖሯል!»

«አንተ ሰውዬ፣ ደውልለት!» አለች እናትየው በመስኮቷ።

«እደውላለሁ፤ ምን ያጣድፍሻል?» ስልኩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ አነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃሎ፣ መብራቱ?» አለ። ከዚያ ደነገጠ። «ማለቴ... ስምህ ማነው ልጄ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትመላለስ ስምህን ጠይቄህ አላውቅም።»

ከወዲያ በኩል ስሙ ተነገረው። አባትየው ስሙን ደገመው፤ ደስ የሚል ስም ነው አለ።

«በድዬሃለሁ» አለ። «ሳላጣራ ሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝና ና።»

«ይቅር ብያለሁ ጋሼ። ሞተሯ ግን ደህና ናት፤ ተሠርታለች።»

«ስለ ሞተሯ ማን ጠየቀህ!» አለና ዘጋው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጥቂት ቆየ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋራዡ ሥራ በዝቶበታል። ኮምፕሬሰሩ አየር እየሞላ ይጮሃል፤ እሱ ሲጮህ ሰው አይደማመጥም። ጥርስ ሠሪው በእግሩ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጸጉሩ ተበጥሯል፤ ሞተሯ ቤት ቀርታለች። ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አንኳኳ።

«ክፍት ነው!» አለ አባትየው።

«እንደ ሰው አንኳኳ ብለውኛላ!»

«ምን?» ኮምፕሬሰሩ ይጮሃል።

«ልጅዎን ወድጃታለሁ! ላገባት እፈልጋለሁ! እሱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት!»

«ምኗን?»

«ልጅዎን! ራሷን!»

አባትየው ሰምቷል። ሁለተኛውንም ጊዜ የጠየቀው ለመተንፈሻ ብሎ ነው። ቁልፉን አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ወደ ልጁ ዞረ። ሐኪሟ ከአንዲት ሞተር አጠገብ ተንበርክካ፣ ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ሆኖ ታየዋለች።

«አንቺስ?» አላት አባቷ እየጮኸ። «ያን ቀን ሲጠይቅሽ ዝም ብለሽ ነበር። ዛሬስ ምን ትያለሽ?»

ተነሳች። አባቷን አየች፣ እሱን አየች። እናቷ በመስኮቷ እስከ ትከሻዋ ወጥታለች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ለአባቷ ተናግራ አታውቅም፤ ግን ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል አይታዋለች።

«እወደዋለሁ!» አለች።

«አልሰማሁም!»

አየር ወደ ሳንባዋ ሳበች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «እወደዋለሁ አልኩህ!» ብላ በሙሉ ድምፅዋ ስትጮህ፣ ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ ጸጥ አለ። ድምፅዋ ብቻውን በሩን አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ማዶ ያለው ባለሱቅ ከሱቁ ብቅ አለ። በሞተር የሚያልፍ አንድ ሰው ቆሞ ዞር ብሎ አየ።

«ሰማን» አለ አባትየው። «እሱም ሰማ፣ እኔም ሰማሁ፣ ሰፈሩም ሰማ። እንግዲህ ምን ቀረ፤ ሂጂና እጅሽን ታጠቢ።»

አልሄደችም። እንደዚያው ግራሶ እንደሆነች ተራምዳ መጣችና፣ የሁሉም ዓይን እያያት፣ የጥርስ ሠሪውን እጅ ያዘች።